“ፓስወርድሽን ስጪኝ”፦ የልጆቻችን ፍቅርና የእኛ ዝምታ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አንድ ጁስ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ ነው፣ ተማሪ የሚለቀቅበት ሰዓት። አንድ ልጅና አንዲት ልጅ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ገቡ። እሱ ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሯል፤ እሷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። አሥራ ስድስት ቢሆናቸው ነው። ሁለት ስፕሪስ አዘዙ። ሲሳሳቁ ደስ ይላሉ፣ እውነቴን ነው፣ በሆዴ “እደጉ” አልኩ።

ስፕሪሱ መጣ። ልጁ አንድ ጊዜ ቀመሰና እጁን ዘረጋ። ቃል አልተናገረም። እሷም ቃል ሳትናገር ስልኳን ከፍታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ቴሌግራሟ ውስጥ ገባ። ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ቆየና አንዱ ጋ ቆመ።

“ይሄ ማነው?”

“የክፍላችን ልጅ ነው ባክህ። የፊዚክስ ኖት ጠይቆኝ ነው።”

“ክፍሉ ውስጥ ካንቺ ሌላ ሰው የለም?”

መልስ አልሰጠችም። ስፕሪሷን በማንኪያ ታማስል ጀመር። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው ተደባልቆ ጭቃ እስኪመስል አማሰለችው። አልጠጣችውም።

እኔን ያስደነገጠኝ ጥያቄው አይደለም። የእጁ አዘረጋግና የስልኩ አሰጣጥ ነው። በር ላይ ፍተሻ የለመደ ሰው ሳይጠየቅ እጁን ወደ ላይ እንደሚያነሣው ነበር የሰጠችው። የመጀመሪያቸው እንዳልሆነ ያስታውቃል።

ስለ ልጆች ፍቅር ሲነሣ እኛ አገር ክርክሩ ሁሌ እዚያው ነው የሚቆመው። ይፍቀሩ ወይስ አይፍቀሩ? አንዱ “መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ” ይላል። ሌላው “ዘመኑ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ” ይላል። ከዚያ ሁለተኛው ቡና ይቀዳል፣ ወሬው ይቀየራል። ልጆቹ ግን የእኛን ውሳኔ ቁጭ ብለው እየጠበቁ አይደለም። ስለዚህ እኔ ማንሣት የምፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው። ጤነኛው የትኛው ነው? የታመመውስ በምን ይታወቃል? ሲታመምስ ማን ያየዋል? ሐሳቤን ከአሁኑ ልናገር። እኔ እስከሚገባኝ የልጆቻችንን ፍቅር አደገኛ የሚያደርገው ፍቅር መሆኑ ሳይሆን መደበቁ ነው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይባል የለ።

መቼም ዕድሜው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ክልል ውስጥ የሚቆጥረው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ነው፤ በጣም ሰፊ ነው። የ13 ዓመቷ ልጅ ፎንቃ ሲይዛት የልጁን ስም ደብተሯ ጀርባ ላይ ትጽፋለች፣ “ሰላም ነሽ?” ካላት ሳምንቱን ሙሉ ትበራለች፣ አለቀ። እሱ ምንም ዓይነት ስብሰባ አይፈልግም። እኔ የማወራው በአብዛኛው ከ15 እስከ 18 ስላሉት ነው፤ “ጓደኛ አለኝ” ስለሚሉት፣ ሌሊት በሌሊት ፓኬጅ እስከ ስምንት ሰዓት ሲጽፉ አምሽተው ጠዋት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ስለሚያንቀላፉት።

በዚህ ዕድሜ ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ለወላጅ ብዙ ንዴት ይቀንስለታል። ደስታን የሚያሳድደው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይነቃል። “ቆይ እስቲ፣ ነገስ?” የሚለው የፊተኛው ክፍል ግን በደንብ የሚበስለው ወደ ሃያዎቹ አጋማሽ ነው። ላውረንስ ስታይንበርግ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከማርጎ ጋርድነር ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ጥናት አለ። ታዳጊዎችን፣ ወጣቶችንና አዋቂዎችን በኮምፒውተር የመኪና መንዳት ጨዋታ አጫወቷቸው፤ ገሚሱ ብቻውን፣ ገሚሱ ጓደኞቹ አጠገቡ ቆመው። ታዳጊዎቹ ጓደኛ ሲያያቸው የሚወስዱት አደጋ በጣም ጨመረ። አዋቂዎቹ ላይ ግን የጓደኛ መኖር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። አሁን ወደ ጁስ ቤቱ ልጅ ልመለስ። ልጁ ክፉ ነው ማለት አልችልም። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ስልኳን ላይጠይቅ ይችላል። ግን ነገ ጠዋት ጀለሶቹ “ቴሌግራሟን እንኳ አታይም? ፋራ ነህ እንዴ?” የሚሉት አሉ። ለሱ መሞከሪያው እሷ ብትሆንም ተመልካቹ እነሱ ናቸው።

ኤሪክ ኤሪክሰን ደግሞ የዚህ ዕድሜ ዋናው ሥራ “እኔ ማነኝ?” የሚለውን መመለስ ነው ይላል። ከሌላ ሰው ጋር በጥልቀት መቀራረብን ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚያስቀምጠው። እኔ ይሄን እንደ ቀላል መመዘኛ እጠቀምበታለሁ። ልጅቷ ፍቅር ከጀመረች ስድስት ወር ሆናት እንበል። ድሮ የነበረችው ልጅ አለች ወይስ የለችም? ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምር ነበር፣ አሁንም ትዘምራለች? ከሴት ጓደኞቿ ጋር ከትምህርት ቤት እስከ ታክሲው ተያይዘው ይሄዱ ነበር፣ አሁንስ? ልጁ ኳስ ይጫወት ነበር፣ አሁን ቅዳሜውን የት ነው የሚያሳልፈው? ጤነኛ ፍቅር ሰው ላይ ይጨምራል። ከጓደኛም፣ ከቤትም፣ ከምትወደው ነገርም እየቆረጠ ከሄደ ግን ስሙ ምንም ይሁን አንድ ሰው እየተከረከመ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛዬ እምቢ ማለት ነው። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትልቁ ጉዳችን እዚህ ስለሆነ።

እኛ ያደግነው “እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው” እየተባለ ነው። ወንዱ አሥር ጊዜ መለመን አለበት፣ ሴቷ ዘጠኝ ጊዜ እምቢ ማለት አለባት፣ አሥረኛው ላይ ጨዋታው ያልቃል። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ጨዋ ወግ ነው የሚያየው። ወጉ ግን እስከ ሕግ መጽሐፍ የደረሰ ሥር ነበረው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንድ ሰው ልጅ ጠልፎ ሄዶ በኋላ ጋብቻው ሕጋዊ ሆኖ ከተፈጸመ በጠለፋው አይከሰስም ነበር። አስቡት። እምቢ ያለችው ልጅ ኋላ ላይ እሺ አለች ከተባለ የመጀመሪያው እምቢታዋ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይሄ የተቀየረው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ አንቀጽ 587 በኋላ መጋባታቸው ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም ይላል። ሕጉ ተቀይሯል። ለከፋው ግን ስታዲየም አካባቢ በማንኛውም ሰዓት ስትሄዱ ታገኙታላችሁ፤ “እናት፣ ስልክሽን” ከሚለው ይጀምርና ዝም ስትዪው ወደ ስድብ ይሄዳል። እምቢታን አለመቀበል ሲጀምር እንዲህ ነው።

እና በልጆች መሐል ያለ ፍቅር ጤነኛ መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሲስማሙ ሳይሆን እምቢ ሲባል ምን እንደሚሆን ይይ። “ዛሬ አልወጣም፣ ፈተና አለብኝ” አለችው። ምን አለ? “እሺ በርቺ” ካለ ጥሩ ነው። ትንሽ ከፍቶት በማግሥቱ ከተወው እሱም ሰው ነው፣ ጥሩ ነው። ሁለት ቀን ካኮረፈ፣ ወይም “ድሮም አትወጂኝም” ካለ፣ ወይም “እንግዲያውስ ሌላ አገኛለሁ” ካለ፣ እምቢ ማለት ዋጋ እየተቆረጠለት ነው። ከጊዜ በኋላ ልጅቷ ዋጋውን ላለመክፈል ስትል እሺ ማለት ትጀምራለች። ከውጪ ሲታይ የተስማሙ ይመስላሉ። ስለ ትንሹ ነገር እምቢ ማለት ያልቻለች ልጅ ስለ ትልቁ፣ ስለ ገላዋ፣ እምቢ እንድትል መጠበቅ ደግሞ ሞኝነት ነው። ለወንዱም እንዲሁ ነው። “ወንድ አይደለህም እንዴ?” የሚለው ቃል ስንቱን ልጅ ያልፈለገው ቦታ እንዳደረሰው ወንዶቹ ራሳቸው ያውቁታል።

ቅናትም አለ። “ካልቀና አይወድም” የሚለውን አባባል የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ልጆቹ ቅናትን የፍቅር መለኪያ አድርገውታል፤ ስልክ መበርበር፣ “የት ነሽ? ፎቶ አንሥተሽ ላኪ” ማለት፣ ላስት ሲን መቁጠር፣ ይሄ ሁሉ እንደ እንክብካቤ ይቆጠራል። ከየት አመጡት ካላችሁ ከእኛ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 63 በመቶዎቹ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታት ልክ ነው ብለዋል። ወንዶቹ 28 በመቶ ነበሩ። ምክንያቶቹም ወጥ ማሳረር፣ ሳይናገሩ መውጣት፣ መመላለስ የመሳሰሉት ናቸው። የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ መብለጡን ሳነብ ትንሽ ዝም ብዬ ነበር። እናት “ልክ ነው” ብላ ካመነች ልጅ “ስልኬን ቢያይ ምን አለበት” ብትል ምኑ ይገርማል?

ነገሩ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንታኔ በዓለም ላይ የፍቅር ግንኙነት ከነበራቸው ታዳጊ ሴቶች 24 በመቶዎቹ 20 ዓመት ሳይሞላቸው ከጓደኛቸው ወይም ከባላቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል። ከአራት አንዷ ናት። እና ዱላው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነገር አይደለም። የሚጀምረው “ከዛች ልጅ ጋር አትሂጂ” ከሚለው ነው።

ኩርፊያን ግን ብቻውን ላንሣው፣ ምክንያቱም እንደ እኛ በኩርፊያ የተካነ ሕዝብ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ጆን ጎትማን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ባለትዳሮች ሲጣሉ ለዓመታት እየቀረፀ አጥንቷል። ትዳር የሚያፈርሱ ብሎ ከለያቸው አራት ነገሮች አንዱ ንቀት ነው፣ ሌላው በር ዘግቶ ዝም ማለት ነው። እኛ ጋ ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ “ዝምታ ወርቅ ነው” እንላለን። ልጁም አባቱ እናቱን ሳምንት አኩርፎ ሲበላ ሲጠጣ አይቶ አድጓል። ስለዚህ ቅር ሲለው ምን እንደሆነ አይናገርም። መልእክቱን አይቶ ዝም ይላል። እሷ “ምን አደረግኩህ?” ብላ አሥራ አምስት ጊዜ ትጽፋለች። በመጨረሻ ያጠፋችውን ሳታውቅ ይቅርታ ትጠይቃለች። ሴቶቹም ቢሆኑ በዚህ አይታሙም፤ ብሎክ አድርጎ ሦስት ቀን ማስጨነቅ የሴት ልጅ ሙያ የሆነ ሁሉ ይመስላል አንዳንዴ። ጎትማን የረጋ ትዳር ያላቸው ሰዎች አይጣሉም አላለም። ሲጣሉም እንኳ ለአንድ መጥፎ ነገር ወደ አምስት የሚጠጋ መልካም ነገር ይለዋወጣሉ ነው ያለው፤ ቀልድ፣ ፈገግታ፣ “ገባኝ” የሚል ቃል። ጥናቱ የባለትዳር ነው፣ እውነት ነው። ግን ልጆቹ መጣላትን የሚለማመዱት አሁን ነው። “እንዲህ ስትለኝ ከፋኝ” ብሎ መናገር በአሥራ ስድስት ካልተለመደ በሠላሳ ስድስትም ያስቸግራል። የኔን ባል ጠይቁት።

አሁን ስለ መደበቁ። ከታሪኩ ውስጥ እኔም አለሁበት፣ ስለዚህ ላድበሰብሰው አልፈልግም።

የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነበረች። አምና ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ፒያሳ ጫማ ልንገዛ ወጥተን ማኪያቶ እየጠጣን፣ “አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን ለእማዬ እንዳትነግሪ” አለችኝ። ማልኩላት። ነገረችኝ። ልጁ ከሷ አንድ ክፍል ይበልጣል፣ ግጥም ይጽፋል፣ ወደ ቤት በእግሯ ስትሄድ እስከ መታጠፊያው ይሸኛታል። ፊቷ እንዲህ ሲበራ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይቼ አላውቅም። ያን ዕለት ማታ ለእህቴ ደወልኩ። ለልጅቷ ብዬ ነው፤ ቢያንስ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው። እህቴ “ስልክ ነው ያበላሻት” ብላ ስልኩን ቀማች። ትምህርት ቤት ድረስ ሰው መደበች። እኔም ጉዳዩ በጊዜ ተያዘ ብዬ እፎይ አልኩ።

ለአምስት ወር ልጅቷ እኛ ቤት ስትመጣ ከአፏ የሚወጣው “ደህና ነኝ” ብቻ ነበር። ልጁን አልተወችውም። ከጓደኛዋ ስልክ ላይ ነበር የሚነጋገሩት። “አብርሆት ሄጄ ላጥና” ትላለች፤ ቤተ መጻሕፍት ልሂድ ያለችን ልጅ ምን ትላታለህ? ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተቀየረ ሄደ። ልጁ “ከሚያጣሉን ሰዎች ጋር እየሄድሽ ነው” እያለ ሴት ጓደኞቿን አንድ በአንድ አስቀነሳት። ፎቶ ላኪ አላት። አልልክም ስትል፣ “እንግዲያው ለእናትሽ እነግራታለሁ” አላት። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሚያስፈራራት በእኛ ነው። እኛ ለሷ መሸሸጊያ መሆናችን ቀርቶ የሱ ዱላ ሆነናል።

የሰማሁት መጋቢት ላይ ነው። ክንዷ ላይ ሰማያዊ ምልክት አይታ የተጨነቀች አንዲት ጓደኛዋ ናት የነገረችኝ። ልጅቷን ሳገኛት፣ “ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት። አየችኝና፣

“ነግሬሽ ነበር እኮ።”

አለቀ። የምመልሰው ነገር አልነበረኝም።

እኔ በሷ ዕድሜ ሳለሁ የቤት ስልካችን በእንጨት ሳጥን ውስጥ በቁልፍ ይቀመጥ ነበር። እኔ መደወል አልችልም፤ ልጁ ሲደውል አባቴ ካነሣው ዘግቶ ይሮጣል። ሰፈሩ ደግሞ ሌላ ካሜራ ነበር። ከወንድ ልጅ ጋር መታጠፊያው ላይ ሁለት ደቂቃ ከቆምኩ ባለሱቁ ያየኛል፣ ጉልት የሚሸጡት እትዬ ያዩኛል፣ እኔ ቤት ሳልደርስ ወሬው ይደርሳል። እንዴት ያናድደኝ ነበር! አሁን ሳስበው ግን ያ ሁሉ ዓይን ወሬኛ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው እጄን ጠምዝዞ ቢጎትተኝ ያን ጊዜም ያዩኝ ነበር። ያ ሰፈር ዛሬ የለም። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሰፊ ክፍላቸው ፈርሶ ስንቱ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። መንገዱ አምሯል፣ መብራቱ ደምቋል፣ ልጆቹ ወዳጅነት ፓርክ አካባቢና በቸርችል ጎዳና አግዳሚ ወንበሮች ላይ ጥንድ ጥንድ ብለው ይቀመጣሉ፤ የሚያውቃቸው ሰው ግን የለም። የስልኩ ዓለም ደግሞ ጭራሽ ሰፈር የለውም። ዓይኖቹ ሄደው ፍርሃቱ ብቻ ቀርቷል።

ፎቶውን ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ልጅ የማያውቀው ነገር አለ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ወሲባዊ ምስል ማዘጋጀትም ማሰራጨትም ወንጀል ነው። “እለቅብሻለሁ” ብሎ ማስፈራራትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት ልጅ መልእክቱን አትደልተው። ስክሪንሾት ታንሣ፣ ለምታምነው አዋቂ ታሳይ። ማፈር ያለበት ላኪዋ ሳይሆን አስፈራሪው ነው፤ ይሄን ደጋግሞ መንገር የኛ ሥራ ነው።

ስለ ዕድሜ ልዩነት ብዙ አልልም፣ ብዙ የሚያከራክር ነገር ስለሌለው። የአሥራ ስድስት ዓመቷን ልጅ መኪና ይዞ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚጠብቅ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ፍቅረኛ አይደለም። ስልክ ቢገዛላትም፣ ለቤቷም ቢተርፍ፣ ቤተሰብ “ጨዋ ልጅ ነው” ቢለውም። የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አድርጓል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ደግሞ ዕድሜዋ 13 ሞልቶ 18 ካልሞላት ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመን ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። መምህር፣ አሠሪ ወይም አሳዳጊ ከሆነ ይከብዳል። ጤነኛ ፍቅር ሁለት እኩዮች ይፈልጋል፤ አንዱ የታክሲ እየለመነ ሌላው ነዳጅ እየሞላ እኩያ የለም።

ወንዶቹን ረስቻቸዋለሁ እንዳይባል። ለየካቲት 7፣ ለፍቅረኞች ቀን፣ ቀይ አበባና ቸኮሌት ካልገዛሁ ትተወኛለች ብሎ ከእናቱ ቦርሳ ብር ያወጣ ልጅ አውቃለሁ። በየቀኑ ካርድ ካልሞላ የሚሰደብ አለ። ሰው ፊት ሙድ የሚያዝበት፣ ቁመቱ፣ ጫማው፣ ሰፈሩ የሚወራበት አለ። “ወንድ ልጅ አያለቅስም” ስለተባለ ለማንም አይናገርም። ንቀት ከየትኛውም ጾታ ቢመጣ ያው ንቀት ነው። ክፍያውን ደግሞ ተራ በተራ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለቱም የሚበሉት የእናታቸውን ብር ነው።

ከዚያ መለያየት አለ። የዚህ ዕድሜ ፍቅር አብዛኛው ያልቃል። ማለቁ ውድቀት አይደለም፣ ሥራው ነው። ስለዚህ “እስከ መቼ ቆዩ?” ከሚለው ይልቅ “እንዴት ተለያዩ?” የሚለው የበለጠ ይነግረኛል። ጤነኛው ሲያልቅ ያማል፣ ይለቀሳል፣ ሳምንት ምግብ ይጠላል፣ ከዚያ ሕይወት ይቀጥላል። የታመመው ግን በር የለውም። “ከተለየሽኝ ራሴን አጠፋለሁ” የሚል ልጅ አለ፤ እንዲህ የምትል ልጅም አለች። ይሄ ሲባል ሁለት ነገር በአንድ ላይ እውነት ነው። ቃሉ እንደ ቀልድ መታየት የለበትም፤ በዚያው ሰዓት ለቤተሰቡ ወይም ለሌላ አዋቂ መነገር አለበት፣ ሚስጥር ነው ቢባልም። በሌላ በኩል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሌላን ሰው ሕይወት ተሸክማ ያልፈለገችው ፍቅር ውስጥ መቆየት የለባትም። የሰው ነፍስ ማትረፍ የአዋቂዎችና የሐኪም ሥራ ነው፣ የሷ አይደለም።

እና ወላጅ ምን ያድርግ? እህቴ ይሄን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ተቆጥታ ነበር። “ታዲያ ዝም ልበላት? ባርኬ ልላካት?” አለችኝ። አይደለም። ገደብ አብጁ፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቤት መግባት፣ ስልክ ሌሊት ሳሎን ማደር፣ ከማን ጋር የት እንደምትሄድ መናገር፣ ይሄ ሁሉ ልክ ነው፣ ልጆቹም ቢያጉረመርሙ ውስጣቸው ይወደዋል። ግን ገደቡ የሚሠራው ነገሩ መኖሩን ካመናችሁ ነው። የሌለ ነገር ላይ ሰዓት አይጣልም። “ጓደኛ ካለሽ አሳዪኝ፣ ሻይ እንጠጣ” ያለች እናት “ካየሁሽ እግርሽን እሰብራለሁ” ካለችው የበለጠ ታውቃለች። ልጁ እናቷ ፊት ቀርቦ ስሙንና ሰፈሩን ከተናገረ በኋላ እጇን ለመጠምዘዝ ሁለት ጊዜ ያስባል። ለወላጅ መንገር በፍጹም የማይሆንበት ቤትም እንዳለ አውቃለሁ። ያን ጊዜ አንድ ሌላ ሰው ይኑር፤ ለአንዱ አጎቱ፣ ለአንዷ የንስሐ አባቷ፣ ለሌላዋ የእንግሊዝኛ መምህሯ። አንድ ሰው ብቻ ይበቃል፤ ያ ሰው ደግሞ እንደኔ ማታውኑ ስልክ የሚያነሣ እንዳይሆን።

እኔና የእህቴ ልጅ ለመታረቅ ብዙ ቡና ጠጥተናል። ልጁ ቀርቷል፤ እህቴና የልጁ አባት ተገናኝተው ተነጋግረዋል፣ እሱም ሌላ ረጅም ታሪክ ነው። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ባለፈው እሁድ እኛ ቤት መጥታ ቡና ስታፈላልኝ ረከቦቱ አጠገብ ያስቀመጠችው ስልክ ጮኸ። አየችው፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ገልብጣ አስቀመጠችው። “ማነው?” ልል ነበር። ከምላሴ ጫፍ ነው የመለስኩት። ዝም ብዬ ፈንዲሻ ዘገንኩ።

ሁለተኛው ሊቀዳ ሲል ሳታየኝ፣ “ለእማዬ ትነግሪያለሽ?” አለችኝ።

“ምኑን?”

“እሱንማ ገና መች ነገርኩሽ” አለችና ሳቀች። ጀበናውን አዘንብላ ስኒዬን ሞላችልኝ።